«ሁለተኛዋ ኳታር» ለማለት አትቸኩሉ

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ኳታር ጋዝ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። መጨረሻው ላይ ኦጋዴንን «ሁለተኛዋ ኳታር» ስትሉት ግን ፈገግ አልኩ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ያን ቀን መብራት ጠፍቷል፣ ቡታጋዙም አልቋል፤ ባለቤቴ በረንዳ ላይ ከሰል ታቀጣጥላለች። አንዲት ጎረቤታችን ጋዜጣውን አይታ «በቃ፣ ሲሊንደር ሊረክስ ነው!» አለች።

ይህ እንኳ ሌላ ነገር ነው። በሲሊንደር የምንገዛው ፕሮፔንና ቡቴን ነው። የኳታሩ ፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ በአብዛኛው ሚቴን ነው። ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ድረስ ሲቀዘቅዝ ይዘቱ 600 ጊዜ ያህል ያንሳል፤ መርከብ የሚሸከመው ለዚህ ነው።

የኳታር ጉልበት የጋዙ ብዛት ብቻ አይደለም። ከኢራን ጋር የምትጋራው ኖርዝ ፊልድ የተባለ የጋዝ ማሳ እዚያው ደጃፏ ባሕር ውስጥ ነው። ከጋዙ ጋር ኮንደንሴት የሚባል ቀላል ዘይት ይወጣል፤ እሱ ተሸጦ ወጪውን ይሸፍንላታል። ስለዚህ የጋዝ ዋጋ ሲወድቅ ሌላው ይጮኻል፣ እሷ አትጮኽም። ደግሞ አትቸኩልም። እ.ኤ.አ. በ2005 «መጀመሪያ ማሳውን እናጥና» ብላ አዲስ ልማት አቆመች፤ የከፈተችው በ2017 ነው። ከዚያ በዓመት ከ77 ሚሊዮን ቶን ወደ 142 ሚሊዮን ለማሳደግ ተነሳች። በ2022 ከቻይናው የነዳጅ ኩባንያ ከሲኖፔክ ጋር በዓመት 4 ሚሊዮን ቶን ለ27 ዓመት ተዋዋለች። ልብ በሉ፣ ለዚህ ውል የሚሆነው ጋዝ ገና አልወጣም ነበር!

ወደ እኛ እንምጣ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የተመረቀው የኦጋዴኑ የካሉብ ጋዝ ማምረቻ የመጀመሪያ ምዕራፍ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ ያመርታል ተብሏል። ከኳታር ትልልቅ መርከቦች አንዱ በአንድ ጉዞ 266 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ይጭናል። የዓመት ምርታችን የአንድ መርከብ ግማሽ አይሞላም ማለት ነው። ወደብም የለንም።

ማጣጣሌ አይደለም፤ ጅምሩ ደስ ብሎኛል። ግን ጋዙን እዚሁ ብንጠቀምበት ይሻለናል ባይ ነኝ። ከኮንዶሚኒየማችን ጀርባ ዛሬም ጤፍ ይዘራል። ሰኔ በመጣ ቁጥር ገበሬው የሚያወራው ስለ ዩሪያ ነው። ዩሪያ ደግሞ ከጋዝ ይሠራል። ጎዴ ላይ የመሠረት ድንጋይ የተቀመጠለት የማዳበሪያ ፋብሪካ ከመርከብ ሕልም ይልቅ ለእኛ ይቀርበናል።

በሚቀጥለው ስትጽፉ አንድ ነገር ጠይቁልን። የካሉብ ጋዝ ለማን ይሸጣል? በስንት ብር? ለስንት ዓመት ውል? ኳታር ከሲኖፔክ ጋር ስትዋዋል ቢያንስ የቶኑን ብዛትና የውሉን ዕድሜ ዓለም ሁሉ ሰምቶታል።

አንባቢያችሁ፣
ከኮዬ ፈጬ