ፈርመው ይውጡ ያልኩህ ጊዜ

ወንድሜ፣

እንዴት ከረምክ? ባለቤትህ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው? ስድስት ዓመት ሙሉ ዘጋሁህ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ አልዋሽህም። የመጨረሻዋ መልእክትህ አንድ መስመር ነበረች፦ «አሁንም ፈርመው ይውጡ ነው የምትለው?» መልስ አጣሁላት። ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ፤ ከቆየሁ በኋላ ደግሞ አፈርኩ።

ሐምሌ 1999፣ ስድስት ኪሎ ጀርባ የተከራየናት ክፍል ትዝ ትልሃለች? ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሬዲዮኑ አልሰማ ብሎህ ጆሮህን ለጥፈህበት ነበር። ከ1997 ምርጫ በኋላ ታስረው ሐምሌ 9 ዕድሜ ልክ የተፈረደባቸው የተቃዋሚው ቅንጅት መሪዎች በአራተኛው ቀን ይቅርታ ጠይቀው፣ ፈርመው ወጡ። አብረዋቸው የተከሰሱት የሕግ ባለሙያዎች ዳንኤል በቀለና ነጻነት ደምሴ ግን አንፈርምም ብለው እዚያው ቀሩ። እኔ «ምን ዓይነት ድርቅና ነው!» ስል አንተ እንጀራውን ትተህ ተነሳህ። ሁለት ቀን አላናገርከኝም።

አሁን ሳስበው፣ እነዚያ ሁለት የሕግ ሰዎች ሌላ ምን ሊያደርጉ ኖሯል? በ1997 የነጻነት ደምሴ ድርጅትና ሌሎች ማኅበራት ምርጫውን እንዳይታዘቡ ሲከለከሉ ምርጫ ቦርድን ከሰው፣ ግንቦት 7 ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት ረትተዋል። ቦርዱን በችሎት የረታ ሰው ለራሱ ሲሆን ችሎት ምን ያደርጋል ማለት እንዴት ይሆንለታል? የፖለቲካ መሪዎቹ አንከላከልም አሉ፤ ያም የራሱ ምክንያት ነበረው። እነዚህ ግን «ይከላከሉ» ሲባሉ ምስክር ቆጠሩ።

ይህን ያስታወሰኝ አንድ ደንበኛዬ ነው። ልጅ ነው፣ ጢሙ እንኳ በቅጡ አልወጣም። ባለፈው ሳምንት ልጠይቀው ስሄድ አራት ታጥፎ ላብ የጠጣ ወረቀት ከኪሱ አወጣ። አጥፍቻለሁ ብለህ ፈርምና ቤትህ ግባ ነው ነገሩ። «ጋሼ፣ አንተ ብትሆን ትፈርማለህ?» አለኝ። እስክሪብቶ በእጄ ነበር፤ ኪሴ ከተትኩት።

ማታ የእነ ዳንኤልን ጉዳይ እንደገና አነሳሁት። ታኅሣሥ 2000 ችሎቱ በአብላጫ ድምፅ ጥፋተኛ ብሎ 2 ዓመት ከ6 ወር ፈረደባቸው። ያኔ «አየህ፣ ተሸነፉ» ብዬህ ነበር። የልዩነት ሐሳብ መኖሩን ሰምቼ እንዳልሰማ አለፍኩት። ከዚያ ወዲህ ስንት መዝገብ አገላበጥኩ መሰለህ! በእንዲህ ያለ ክስ አንድ ዳኛ ከባልደረቦቹ ተለይቶ፣ ስሙን አስፍሮ አልስማማም ሲል ስንቴ አይቻለሁ? ሐምሌ ላይ ፈርመው ወጥተው ቢሆን ያ ሐሳብ አይጻፍም ነበር።

ግን ደስ አይበልህ። መጋቢት 2000 ሲወጡ 29 ወር ገደማ ታስረዋል። አንተ በሰው እስር ጀግና ሆንክ፣ እኔ በሰው እስር ብልህ ሆንኩ፤ የታሰርነው ግን እኛ አልነበርንም። (ዳንኤል በ2011 የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ዋና ኮሚሽነር ሲሆን ልደውልልህ ስልኩን አንስቼ ነበር። መልሼ አስቀመጥኩት።)

ለልጁ ፈርም አላልኩትም፣ አትፈርምም አላልኩትም። የሁለቱን ሰዎች ነገር፣ ወሩን ሳይቀር ቆጥሬ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «እማዬን ላማክራት» አለ። እናቱ በር ላይ የምሳ ዕቃ ታቅፋ ቆማ ነበር፤ ምን አለህ ብላ ጠየቀችኝ፣ አላወቅሁም አልኳት።

ቀጠሮው ማክሰኞ ነው። ስልክህ ያው ከሆነ ማታ እደውልልሃለሁ፤ ብትሰድበኝም አንሳው።

ያው የድሮው ጓደኛህ