ማስጠንቀቂያው ጠፋ፣ ክንዳቸው ግን አልታየም፦ ለኩላሊት እጥበት ማዕከል የቀረበ የቅሬታ ደብዳቤ

ለኩላሊት እጥበት ማዕከሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ለነርሲንግ አገልግሎት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ በሕክምና ላይ ሳሉ በእናቴ ላይ ስለደረሰው የደም መፍሰስ እና ለመጀመሪያው አቤቱታዬ ስለተሰጠኝ ምላሽ ቅሬታ ማቅረብን ይመለከታል

እናቴ በማዕከላችሁ ለሦስት ዓመት ያህል፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀጠሮ ለአራት ሰዓት የኩላሊት እጥበት ሕክምና ሲከታተሉ ቆይተዋል። እኔም በአብዛኛው ከጎናቸው ሆኜ አሳልፌያለሁ። ሕይወታቸው እስከ ዛሬ የቀጠለው በሠራተኞቻችሁ ድካም እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ያንን ውለታ ዘንግቼ አይደለም። ይሁን እንጂ ለመጀመሪያው አቤቱታዬ የተሰጠኝ ምላሽ የደረሰውን አደጋ እንደ አንድ ሰው ጥፋት ቆጥሮ የዘጋው በመሆኑ፣ ነገሩ ነገ በሌላ ወንበር ላይ በሌላ ታካሚ እንዳይደገም ስለምሰጋ በድጋሚ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

የሆነው ይህ ነው። ባለፈው ወር በአንዱ ሐሙስ፣ ሕክምናው ሦስተኛ ሰዓቱን እንደያዘ፣ እናቴ ብርድ ብርድ ስላላቸው ፊስቱላ (ለእጥበቱ መርፌ የሚወጋበት፣ በቀዶ ሕክምና የተገናኘ የደም ሥር) ያለበት ግራ ክንዳቸው ጭምር በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ነበር። የሸፈናቸው ሠራተኛ በደግነት ያደረገው ነው፤ እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ ክንዱ መሸፈን እንደሌለበት አላወቅሁም ነበር፣ የነገረኝም አልነበረም። የማሽኑ የደም መልስ ግፊት (የታጠበውን ደም ወደ ሰውነት በሚመልሰው መስመር ውስጥ ያለው ግፊት) ማስጠንቀቂያ ሲጮህ ተረኛው ቴክኒሽያን በጎን ባለው ወንበር ላይ አዲስ የገቡ ታካሚ እያገናኘ ነበርና ባለበት እጁን ዘርግቶ ድምፁን አጠፋውና ማሽኑን አስቀጠለው። ብርድ ልብሱ አልተገለጠም። ከዚያ በኋላ ማሽኑ አንድም ጊዜ አልጮኸም። እኔ ነገሩን ያወቅሁት ከወንበሩ ሥር የሚንጠባጠበውን ደም ሳይ ነው። ጮኼ ስጣራ አንዲት ሲስተር ሮጣ ደርሳ ፓምፑን አቆመች፣ መስመሮቹን በመቆንጠጫ (ክላምፕ) ዘጋች፣ መርፌው የወጣበትን ቦታ በእጇ ተጭና እናቴን በጀርባቸው አስተኝታ ፈሳሽ አስጀመረች። የላይኛው የደም ግፊታቸው በዚያን ጊዜ 70 ነበር። ወደ ሆስፒታል ተወስደው ደም ከተሰጣቸው በኋላ ነፍሳቸው ተርፏል።

የተሰጠኝ የጽሑፍ ምላሽ ሦስት ነገር ይላል፦ ታካሚዋ ክንዳቸውን አንቀሳቅሰዋል፤ ማሽኑ ተፈትሾ እንከን አልተገኘበትም፤ ለቴክኒሽያኑ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል። ሦስቱንም እንደ በቂ መልስ አልቀበላቸውም።

እናቴ ክንዳቸውን ማንቀሳቀሳቸው እውነት ሊሆን ይችላል። አራት ሰዓት ሙሉ ሳይነቃነቅ የሚቀመጥ ሰው የለም፤ መርፌውና የደም መስመሩ በፕላስተር በሚገባ የሚታሰሩትም ሰው እንደሚንቀሳቀስ ታስቦ ነው። በዚያ ዕለት መርፌውን የያዘው በላብ በረጠበ ቆዳ ላይ የተለጠፈ አንድ ነጠላ ፕላስተር ነበር፤ መስመሩም ከክንዳቸው ጋር ሳይታሰር ወደ ማሽኑ በቀጥታ ተዘርግቶ ስለነበር ማንኛውም ትንሽ መሳብ በቀጥታ መርፌው ላይ ያርፍ ነበር። የሰባ ዓመት እናትን «እማማ፣ እጅዎን አያንቀሳቅሱ ብለናቸው ነበር» ብሎ ተጠያቂ ማድረግ ተገቢ አይመስለኝም።

ማሽኑ እንከን የለበትም መባሉን እቀበላለሁ፤ ይበልጥ የሚያስፈራኝም እሱ ነው። የግፊት ጠቋሚው የሚለካው በመስመሩ ውስጥ ያለውን ግፊት እንጂ መርፌው በደም ሥር ውስጥ መሆን አለመሆኑን አይደለም። ያ ግፊት በአመዛኙ የሚመነጨው ደሙ በጠባቡ መርፌ ውስጥ ሲያልፍ ከሚገጥመው መጨናነቅ ስለሆነ፣ መርፌው ከክንድ ወጥቶ ብርድ ልብስ ውስጥ ቢወድቅ እንኳ የሚታየው ቅናሽ ማስጠንቀቂያውን ለማስጮህ የማይበቃ ሊሆን ይችላል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ብዙ ማሽኖች ማስጠንቀቂያው ጠፍቶ ሥራ ሲቀጥሉ የማስጠንቀቂያውን ወሰን በአዲሱ ግፊት ዙሪያ እንደገና የሚያስተካክሉ መሆናቸው ነው። ስለዚህ አንድ ሠራተኛ ክንዱን ሳያይ ቁልፉን ሲጫን ለማሽኑ «ይህ ዝቅ ያለው ግፊት ትክክለኛው ነው» ብሎ እንደ ነገረው ይቆጠራል፤ ማሽኑም የተነገረውን አምኖ ደም ወደ ውጭ መግፋቱን በጸጥታ ይቀጥላል። ለእናቴ የታዘዘው የደም ፍሰት በደቂቃ 300 ሚሊ ሊትር ነው። በዚህ ፍጥነት በአምስት ደቂቃ ውስጥ አንድ ሊትር ተኩል ደም ይፈሳል፤ 52 ኪሎ የሚመዝኑ ሴት በሰውነታቸው ያለው ደም በጠቅላላው አራት ሊትር አይሞላም። ማሽኑ አደጋውን በጊዜ ተናግሮ ነበር፤ የተናገረውን ለማየት ብርድ ልብሱን መግለጥ ብቻ ይበቃ ነበር።

ወደ ቴክኒሽያኑ ልመለስ። ያ ወጣት በዚያ ሰዓት አምስት ወንበር ለብቻው ይዞ ነበር፤ ከአምስቱ በሁለቱ ላይ ታካሚ እየወጣ ሌላ እየገባ ነበር። ድምፅ ሲጮህ ሄዶ ክንድ ገልጦ ለማየት የሚያገናኛቸውን ታካሚ መርፌ እንደያዙ ጥሎ መሄድ ነበረበት። ከአደጋው በኋላ ፊቱን አይቻለሁ፤ እናቴም ይቅር ብለውታል። እኔ በአቤቱታዬ የጠየቅሁት አሠራሩ እንዲስተካከል ነበር፤ የተሰጠኝ ግን የአንድ ሰው ቅጣት ነው። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያው እንዲነሳለት እጠይቃለሁ፤ ምክንያቱም ስህተት የሠራ ሰው በሚቀጣበት ቤት የሚቀጥለው ስህተት ይደበቃል፣ የተደበቀ ስህተት ደግሞ ለታካሚ ከሁሉ የከፋ ነው።

የፈረቃ ለውጥ ሰዓቱን በሚመለከት ይህ አደጋ ብቻውን የቆመ አይደለም። በዚያ ጥድፊያ ውስጥ በዓይኔ ያየኋቸውን ልጥቀስ። አንዱ ታካሚ ገና ከወንበሩ ሳይነሱ ማሽኑ ለሚቀጥለው ሲዘጋጅ፣ ወንበሩም ሰው ተቀምጦበት ሳለ ከፊሉ ብቻ ሲጠረግ አይቻለሁ። በእናቴ መርፌ ላይ የነበረ ጓንት ሳይወልቅ የሌላውን ማሽን ቁልፍ ሲነካ አይቻለሁ። የሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) ብልቃጥ በጋውን ኪስ ተይዞ ከወንበር ወደ ወንበር ሲዞር አይቻለሁ፤ መድኃኒት ከታካሚዎች ርቆ በንጹሕ ቦታ ተዘጋጅቶ ለአንድ ታካሚ ብቻ መምጣት እንዳለበትና ወደ አንድ ወንበር የቀረበ ዕቃ ወይ እንደሚጣል፣ ወይ ለእሱ ብቻ እንደሚቀር፣ ወይ በፀረ ተሕዋስያን ተጠርጎ ብቻ ወደ ሌላው እንደሚሄድ ነርሶቻችሁ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። ሄፓታይተስ ቢ በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ ሰባት ቀን በሕይወት መቆየት የሚችል ቫይረስ ነውና በአንድ ጓንት ላይ ያለ ቸልታ ቀላል ነገር አይደለም። በአንገታቸው በኩል ወደ ደም ሥር በገባ ቱቦ (ካቴተር) የሚታከሙ አንድ አባት አጠገባችን ይቀመጣሉ፤ የካቴተሩ አፍ ሲከፈት እሳቸውም ሠራተኛውም ጭምብል ያደረጉባቸው ቀናት ያላደረጉባቸውን አይበልጡም። የዚያ ካቴተር ጫፍ ያለው ልብ አጠገብ ነው።

ስለ ክብደት አንድ ነገር ልጨምር። ጥድፊያ በበዛባቸው ቀናት እናቴ ሚዛን ላይ ሳይወጡ «ባለፈው ስንት ነበሩ?» ተብለው በቃል በሰጡት ቁጥር ፈሳሽ ተስቦላቸዋል። በአንድ ቀን ደግሞ ሕክምናቸው በማዕከሉ ምክንያት አርባ ደቂቃ ዘግይቶ ተጀምሮ፣ የዘገየው ጊዜ ከመጨረሻው ላይ ተቀንሶ፣ የሚወጣው ፈሳሽ ግን ሳይቀነስ በ2.7 ሊትር ቀጥሏል። በሰፊው የሚሠራበት ወሰን የሚወጣው ፈሳሽ ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት በሰዓት ከ13 ሚሊ ሊትር እንዳያልፍ ነው፤ ለእናቴ በአራት ሰዓት 2.7 ሊትር ማለት በትክክል የዚያ ወሰን ጫፍ ነው፣ በሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ሲሆን ግን ወደ 15.6 ይወጣል። ያን ዕለት እግራቸውን ጨምድዶ ያስለቀሳቸው ነገር «የተለመደ ቁርጠት» ተብሎ ተመዝግቧል። ከታካሚው ጊዜ መቀነስ ካስፈለገ ከፈሳሹም እንዲቀነስ፣ ቀሪውም በሐኪም ውሳኔ ወደ ሌላ ቀን እንዲዛወር መደረግ ነበረበት።

የውኃ ምርመራ መዝገቡን ለማየት ጠይቄ «ለታካሚ ቤተሰብ አይታይም» ተብያለሁ። በአንድ ሕክምና 120 ሊትር ያህል ከውኃው የተዘጋጀ ፈሳሽ በታካሚው ደም ጎን፣ በስስ ማጣሪያ ብቻ ተለይቶ ያልፋል፤ ክሎሪን ወይም ክሎራሚን በውኃው ውስጥ ከቀረ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያፈርሳል። እ.ኤ.አ. በ1996 በብራዚል ካሩዋሩ ከተማ በአንድ ማዕከል ውኃው በሚገባ ባለመጣራቱ ከ50 በላይ የእጥበት ታካሚዎች በአልጌ መርዝ ሞተዋል። በማዕከላችሁ ያለው ውኃ ችግር አለበት እያልኩ አይደለም፤ እያንዳንዱ ፈረቃ ከመጀመሩ በፊት የተለካው የክሎሪን መጠን ከ0.1 ሚሊ ግራም በሊትር በታች መሆኑን የሚያሳየውን ገጽ ማየት ግን ለታካሚ ሊከለከል የሚገባ አይመስለኝም።

ትክክለኛው አሠራር ምን እንደሚመስል የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም፣ ከዚያው ማዕከል ነው። ያን ዕለት ሮጣ የደረሰችው ሲስተር እናቴን ስትቀበል ስማቸውን ራሳቸው እንዲናገሩ ታደርጋለች፤ የማጣሪያውን ዓይነትና የፈሳሹን ትእዛዝ ከካርዳቸው ጋር ድምፅ አውጥታ ታመሳክራለች። መርፌ ከማንሳቷ በፊት ክንዳቸውን በብርሃን ታያለች፣ ደሙ በፊስቱላው ሲያልፍ የሚሰማውን ንዝረት በመዳፏ ትዳስሳለች፣ በማዳመጫም ትሰማለች፤ አንድ ጊዜ ንዝረቱ ደክሟል ብላ ሳትወጋ ሐኪም ጠርታ ፊስቱላው ከመዘጋቱ በፊት ደርሰውበታል። የምትወጋበትን ቦታ ትቀያይራለች፣ አልኮሉ እስኪደርቅ ትጠብቃለች። በየግማሽ ሰዓቱ ስትዞር መጀመሪያ የምታየው የታካሚውን ፊት ነው፣ ቀጥሎ ክንዱን፣ በመጨረሻ የማሽኑን መስኮት። እሷ በተረኛነት ባለችበት ቀን እናቴ ይተኛሉ፤ በሌላው ቀን አይተኙም። ይህ ጥንቃቄ የአንዲት ሲስተር ጠባይ ሆኖ ከሚቀር የቤቱ ደንብ እንዲሆን ነው የምለምነው።

በመሆኑም የደም መስመር የገባበት ክንድና መጋጠሚያዎቹ በሕክምናው ጊዜ ሁሉ ሳይሸፈኑ እንዲታዩ፣ ለሚበርዳቸው ታካሚዎች ክንዱን የማይሸፍን አለባበስ እንዲፈቀድ፣ ማንኛውም ማስጠንቀቂያ ወንበሩ ድረስ ተሄዶ መርፌው በዓይን ሳይታይ እንዳይጠፋ በጽሑፍ እንዲታዘዝ እጠይቃለሁ። በሁለት ፈረቃ መካከል ወንበሩ ባዶ ሆኖ የሚጸዳበት ጊዜ እንዲኖር፣ በዚያ ሰዓትም ታካሚ ከማገናኘትና ከማላቀቅ ነፃ ሆኖ የማስጠንቀቂያ ድምፆችን ብቻ የሚከታተል አንድ ነርስ ወይም ቴክኒሽያን እንዲመደብ እፈልጋለሁ። ሥልጠናውም በወረቀት ተፈርሞ የሚያልቅ ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ መርፌ ሲያስር፣ ካቴተር ሲከፍት፣ አየር ወይም ደም ሲያመልጥ ምን እንደሚያደርግ በተግባር እየታየ በየዓመቱ እንዲመዘን ይሁን። የፈሰሰ ደም ሲነካው የሚጮህ የእርጥበት ጠቋሚ በገበያ ላይ አለ፤ ቢያንስ ክንዳቸውን መቆጣጠር ለሚቸግራቸው አረጋውያን ቢታሰብ መልካም ነው፣ ዓይንን ግን አይተካም።

ለእነዚህ ጥያቄዎች በ15 ቀን ውስጥ የጽሑፍ ምላሽ እንዲሰጠኝ፣ በአደጋው ቀን የነበረው የእናቴ የሕክምና መዝገብና የማሽኑ የማስጠንቀቂያ ዝርዝር ቅጂም እንዲደርሰኝ እጠይቃለሁ። እናቴ ከነገ በስቲያ እንደወትሮው በሁለተኛው ፈረቃ ይገባሉ። ግራ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ በላይ አድርገው ይቀመጣሉ፤ እኔም በዚያው በኩል እሆናለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የታካሚዋ ልጅ

ግልባጭ፦
ለታካሚዋ የኩላሊት ሐኪም