የሰር ንባብ ቤት ጣሪያ ከክረምቱ በፊት ይመለስ

ለዕድራችን አባላት፣ ለሰር ተማሪዎች፣ በአገር ቤትም በውጭም ላላችሁ የጅማ ልጆች፤

እንደሰማችሁት ግንቦት መጀመሪያ ላይ የመጣው ነፋስና በረዶ «ሰር» እያልን በምንጠራቸው በሟቹ ህንዳዊ መምህራችን ስም የሠራነውን የንባብ ቤት ጣሪያ ገንጥሎ ወስዶታል። አንዳንዱን ቆርቆሮ ያገኘነው አዌቱ ወንዝ ዳር ነው። ሰው አልተጎዳም፤ ተመስገን፣ አልሐምዱሊላህ። መጻሕፍቱን ሌሊቱን በባትሪ እያበራን አወጣናቸው። አሁን በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልለው ዕድሩ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ከብረት ድስቶቹ ጎን ተቀምጠዋል። እርጥበቱ እየገባባቸው ነው።

አምና ለግንባታው አዋጥታችኋል፤ ዘንድሮ መልሰን ስንጠይቅ ይከብደናል። እኛም ደክሞናል። ግን ዝም ብንል ክረምቱ ግድግዳውንም ይጨምርልናል።

ሰርን ላልደረሱባቸው ልጆቻችን ትንሽ እንበል። ጃንሆይ በ1949 ዓ.ም. ህንድን ከጎበኙ በኋላ በነበሩት ዓመታት ብዙ ህንዳውያን መምህራን በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች ተመድበው ነበር። ብዙዎቹ ከደቡብ ህንድ፣ የኬራላ ሰዎች ናቸው። ሰርም ከነሱ አንዱ ነበሩ። የጅማ ዝናብ ሲወርድ «የአገሬ ክረምት ነው» ይሉ ነበር።

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ለቀማ ሲደርስ ከገጠር የሚመጣው ተማሪ ከክፍል ይጠፋል። ሰር ቀሪ ጽፈው አያልፉም። ያመለጠውን አልጀብራ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታቸው በረንዳ ላይ ይደግሙለታል። ሳንቲም አይቀበሉም። አንዲት እናት አንድ ጣሳ ቡና ቢያመጡላቸው፣ እዚያው ተቆልቶ ተፈልቶ ለልጆቹ ወላጆች እንዲጠጣ አደረጉ። ያን በረንዳ የምታስታውሱ ብዙ ናችሁ።

በ1967 እኛ ትልልቆቹ ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ስንሄድ የላይኛዎቹ ክፍሎች ባዶ ቀሩ። ሰር ግን ታናናሾቻችንን ሰብስበው ለ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ አዘጋጇቸው። መብራት ሲጠፋ በማሾ ነበር። ከዚያ በኋላ የሥራ ጓደኞቻቸው ወደ አገራቸው ሲመለሱ እሳቸው ቀሩ። ትዳራቸው እዚህ ነበር፤ ልጆቻቸውም እዚህ ተወለዱ።

ዕድራችን ሲገቡ «የውጭ ሰው እንዴት ይሆናል?» ያለ ነበር። ድንኳን ሲተከል ካስማ ይዘው ቀድመው የሚገኙት ግን እሳቸው ነበሩ። ሟቹ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን፣ ከቀብር ቀርተው አያውቁም። የእሳቸው የህንዷ የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከኢትዮጵያዋ ጋር እህትማማች ናት፤ በጥር 1957 አዲስ አበባ በተደረገው የአብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ አንድ ላይ ተቀምጠዋል። እሑድ ነጠላቸውን አጣፍተው ሲቆሙ ማንም እንግዳ ናቸው አይልም ነበር። ሲሞቱም እዚሁ ጅማ ቀበርናቸው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። «ያ ሁሉ ብር የት ገባ?» የሚል ጥያቄ ደርሶናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መሬቱ ውሃ ያዘለ ስለሆነ መሠረቱን ከፍ አድርገን በድንጋይ ማውጣት ነበረብን። አብዛኛው ብር እዚያ ነው የገባው፤ መሬት ውስጥ ስላለ አይታይም እንጂ። ነፋሱ ግድግዳውን ያልነካውም በዚህ ምክንያት ነው ብለን እናምናለን። ብሎኬቱም፣ ወለሉም፣ መደርደሪያዎቹም አሉ። አንድ ስህተት ግን ሠርተናል፤ እንናገረዋለን። ብር ለመቆጠብ ስንል 35 ጌጅ ቆርቆሮ ገዛን፤ ስስ ነበር። ወራጁንም አራርቀን መታነው። አሁን የምንፈልገው ወፈር ያለውን 32 ጌጅ ነው (የጌጁ ቁጥር ሲያንስ ቆርቆሮው ይወፍራል)። ወራጁ ይቀራረባል፤ ከቶፕ ታይ ቢሙ፣ ማለትም ከግድግዳው አናት ካለው የኮንክሪት ማሰሪያ ጋርም በብረት ይታሰራል። ደረሰኞቹ በሙሉ ሒሳብ ሹሙ እጅ አሉ። እሑድ ከወርኃዊ ስብሰባው በኋላ መጥቶ ማየት ይቻላል።

የቆርቆሮ ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ የምንጠይቃችሁ በቆርቆሮ ቁጥር ነው። 60 ቆርቆሮ ያስፈልጋል። እስካሁን 14 ተገኝቷል። አንድ ሰው አንድ ቆርቆሮ ቢችል እሰየው፤ ሁለት ሦስት ሆናችሁ አንድ ብትገዙም ያው ነው። አናጢዎቹ የሥራ ዋጋቸውን በግማሽ ቀንሰውልናል። አንደኛው የሰር ተማሪ ነው።

ለሙስሊም ወንድሞችና እህቶቻችን፣ ልጅ የሚማርበት ቤት ሰደቃ ጃሪያ (የማይቋረጥ ምጽዋት) መሆኑን እናንተው ታስተምሩናላችሁ። ለክርስቲያኖቹም፣ ለሙት መታሰቢያ የሚወጣ ምጽዋት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ለተማሪዎቻቸው ደግሞ ያ የቅዳሜ ትምህርት እስከ ዛሬ ዋጋው አልተከፈለም።

አደራ፣ ገንዘቡን በግለሰብ ስልክም ሆነ በግለሰብ ሒሳብ አትላኩ፤ ለኮሚቴ አባልም ቢሆን። የምትልኩት በዕድሩ ስም ወደተከፈተው የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው። ያለ ሦስት ሰው ፊርማ አይንቀሳቀስም። ቁጥሩ በወርኃዊ መዋጮ ደረሰኛችሁ ጀርባ ታትሟል፤ ዕቃ ቤቱ በር ላይም ተለጥፏል። ከቴሌብርም ወደዚሁ ሒሳብ ማስተላለፍ ይቻላል። ምክንያት በሚለው ቦታ «የሰር ጣሪያ» ብላችሁ ጻፉ፤ አለበለዚያ ከወርኃዊ መዋጮ ጋር ይቀላቀልብናል። ባለፈው እንዲህ ሆኖ ስንት ቀን ፈጅቶብናል።

በእጅ የምትሰጡ ለሒሳብ ሹሙ ብቻ ስጡ፤ ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ። አናጢዎቹ ሰኔ 1 ይጀምራሉ። እስከ ግንቦት 25 ድረስ እንጠብቃችኋለን። የዕድሩ ሒሳብ፣ ሦስት ፊርማ፣ ምክንያቱ «የሰር ጣሪያ»።

የንባብ ቤቱ አሠሪ ኮሚቴ፣ ጅማ