በሐይቅ ዳር ተቀምጠን አየር አጠረን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የምሠራው ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከወንበሬ ቀና ስል ጣና ይታየኛል። ዛፎቹ ሲወዛወዙ አያለሁ። ነፋሱ ግን አይደርሰኝም፤ መስታወቱ ከላይ እስከ ታች የማይከፈት ነው። መብራት ሲጠፋ ኤሲው ይቆምና አሥራ ሁለት ሰው እንታፈናለን። ከምሳ በኋላ የሚጥለንን እንቅልፍና ራስ ምታት ለረጅም ጊዜ በምግቡ ስናሳብብ ኖረናል።

ኤሲው ቢሠራም ነገሩ ያው ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ የክፍሉን አየር እያዞረ ያቀዘቅዛል እንጂ ከውጭ አዲስ አያስገባም። ውጭ ካለው አየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከሚሊዮን 420 እጅ ገደማ ነው። ሰው በሞላበት ዝግ ክፍል ግን በቀላሉ ከ1,000 ያልፋል። አንዱ ያስወጣውን ሌላው ይስበዋል። ጉንፋንም ቲቢም እንዲህ ነው የሚዛመተው።

የሚያንገበግበኝ ነፋሱ በነጻ መኖሩ ነው። ቀን ፀሐይ ምድሩን ከውሃው ቀድማ ስለምታሞቀው ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይመጣል። ዘጌ ሄዳችሁ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን እዩ። ክብ ነው፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ በሩ ከአንድ አቅጣጫ በላይ። ጧፍና ዕጣን እየነደደ ሰዓታት ይቆማል፤ ሙቀቱ ሽቅብ ሲወጣ በበሮቹ ቀዝቃዛው ይገባል።

የድሮው ሁሉ ጥሩ ነበር አልልም። የአያቴ ሳር ቤት ጭሱን በሳሩ እያሾለከ ቢያስወጣም ዓይኗ ሲያለቅስ ነው የኖረችው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገምታል። አሁን ደግሞ ያንኑ ከሰል ይዘን ኮንዶሚኒየም ገብተናል። ባለፈው ክረምት አንዲት ጎረቤቴ ብርዱን ፈርታ በሩንም መስኮቱንም ዘግታ ቡና ስታፈላ ራሷን ስታ ወደቀች። ደግነቱ ልጇ ቶሎ ጮኸ፤ ተሸክመን ደጅ አወጣናትና ነፍስ ዘራች። የከሰሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ደም ላይ ደግሞ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። እባካችሁ፣ ከሰል የምታቀጣጥሉትም የምትጠቀሙበትም ደጅ ይሁን።

ለግንባታ ፈቃድ ሰጪዎች አንድ ጥያቄ አለኝ። ፕላን ስታጸድቁ የሚከፈት መስኮት በሁለት ፊት ለፊት ግድግዳ ላይ መኖሩን እዩልን። ከቢሯችን ማዶ አዲስ ፎቅ እየወጣ ነው። መስታወቱ ገና አልተገጠመም፤ ዛሬ ቢታዘዝ ይደርሳል።

አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር