ከእድር በፊት፦ ለደብረ ብርሃን አንጋፋ የፑል ተጫዋቾች የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ውድ የሰሜን ሸዋ ተወላጆች፣ ወዳጆችና የጨዋታው አፍቃሪዎች፣

በደብረ ብርሃን ከተማ በፑል ጠረጴዛ ዙሪያ ያረጀን ሰዎች ነን። አብዛኞቻችን ስልሳ ዓመት አልፎናል። ከብርድ ልብስ ፋብሪካው በጡረታ የወጡ፣ በደሴ መንገድ ከባድ መኪና ሲያሽከረክሩ የኖሩ፣ ጠመኔ ይዘው የሸበቱ መምህራን፣ ደግሞም ዕድሜያቸውን ሙሉ ኳስ ሲደረድሩልን የኖሩ ሰዎች በመካከላችን አሉ። ከእኛ አንዱ ሲሞት እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ ቀብሩ በክብር ይፈጸማል። በዚህ በኩል የሚወቅሰን የለም። ያው ሰው በሕይወት ሳለ የደም ግፊት መድኃኒቱ ሲያልቅበት ግን እሱም አይናገርም፣ እኛም አንጠይቀውም። ይህ መዋጮ የሚሰበሰበው እድሩ ከመድረሱ በፊት ላለው ጊዜ ነው።

የምንፈልገው 420 ሺህ ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 240 ሺው ከጢስ ነጻ የሆነ የመጫወቻ ክፍል ለማሠራት፣ 45 ሺው ለደም ግፊትና ለስኳር መለኪያ መሣሪያዎች፣ 75 ሺው ለመነጽር፣ 60 ሺው አቅም ለሌላቸው አባሎቻችን የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ዓመታዊ መዋጮ የሚውል ነው። እስካሁን ከራሳችን ኪስ 96 ሺህ ብር አውጥተናል። የአንድ ጓደኛችን ቤተሰብ በግቢው ያለውን የድንጋይ መጋዘን ያለ ኪራይ ለአሥር ዓመት እንድንጠቀምበት በጽሑፍ ፈቅዶልናል። ሁለት አሮጌ ጠረጴዛዎችም አሉን፤ ጨርቃቸው ቢያረጅም እግራቸው ጽኑ ነው።

ለምን ፑል ተጫዋች? ለምንስ አሁን? ብላችሁ መጠየቃችሁ አይቀርም። መልሱን ከሩቅ አገር እንጀምራለን። የፑል ዘመድ የሆነው፣ በትልቅ ጠረጴዛ ላይ በዘንግና በኳስ የሚጫወቱት ስኑከር በእኛ አገር ጠረጴዛው ራሱ ብርቅ ነው፤ እኛ የምንጫወተው ፑል ነው። ነገር ግን የስኑከሩን ጌቶች በሳተላይት ቴሌቪዥን ስንከታተል ስለኖርን ሕመማቸውም ሞታቸውም የቤታችን ወሬ ሆኗል። ከሁሉም በላይ የአሌክስ ሂጊንስ ነገር ከአፋችን አይወጣም።

የቤልፋስቱ ሂጊንስ እ.ኤ.አ. በ1972 እና በ1982 የዓለም ሻምፒዮን ነበር። በጠረጴዛው ዙሪያ እየተሯሯጠ ኳሶቹን ወደ ጉድጓዱ የሚከት፣ ሲጋራውን ከአጠገቡ መጠጡን ከፊቱ አድርጎ የሚጫወት ሰው ነው። በኋላ የጉሮሮ ካንሰር ያዘው። የጨረር ሕክምናው ጥርሱን አሳጣው። ማላመጥ ያቃተው ሰው በፈሳሽ ምግብ ብቻ ምን ያህል ይዘልቃል? ከሳ፣ መነመነ፣ ተስፋ ቆረጠ። ወዳጆቹ እ.ኤ.አ. በሜይ 2010 ለሰው ሠራሽ ጥርስ ተከላ 20 ሺህ ፓውንድ እናሰባስብለት ብለው ተነሡ። ሰውነቱ ግን ያኔ ተከላውን መቋቋም የማይችልበት ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። በጁላይ ወር በ61 ዓመቱ ቤቱ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ለቀብሩ ሕዝብ ወጣ፣ ጋዜጣ ሁሉ ስሙን አነሣ። ይህን ታሪክ በቤታችን ስንት ጊዜ እንዳወራነው አይቆጠርም፤ ጨርሰን የምንነሣው ግን ሁልጊዜ ስለ ጥርሱ እንጂ ስለራሳችን ሳንነጋገር ነበር።

ለነገሩ ኳሱ ማንንም አልገደለም። ጨዋታው ራሱ የሰውን ዕድሜ የሚያሳጥር ቢሆን ኖሮ የስድስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮኑ ሬይ ሪርደን እ.ኤ.አ. በ2024 ሲሞት 91 ዓመት አይሞላውም ነበር። ፍሬድ ዴቪስም በ64 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1978፣ ለዓለም ሻምፒዮና ግማሽ ፍጻሜ አይደርስም ነበር፤ እሱም እስከ 84 ዓመቱ ኖሯል። የሚጎዳው ጨዋታው የሚካሄድበት ቤትና በቤቱ ውስጥ የለመድነው አኗኗር ነው። የዓለም ሻምፒዮናው እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 2005 ድረስ ኤምባሲ በተባለ የሲጋራ ስም ሲጠራ ኖረ። ማስተርስ የሚባለው ሌላው ታላቅ ውድድርም እስከ 2003 የሌላ ሲጋራ፣ የቤንሰን ኤንድ ሄጅስን፣ ስም ይዞ ቆይቷል። ሲጋራ የሚከፍለው ውድድር፣ በሲጋራ ጢስ ውስጥ፣ ሲጋራ ለያዘ ተመልካች። በእንግሊዝ በዝግ የሕዝብ ቦታ ማጨስ የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው።

የካናዳዊው ቢል ዎርበኒዩክ ነገር ደግሞ ለእኛ ቤት ሰዎች ቅርብ ነው። እጁ በተፈጥሮው ይንቀጠቀጥ ነበር። እንዲረጋለት ከግጥሚያ በፊት ብዙ ብርጭቆ ቢራ ይጠጣል፤ በዚያ ላይ ቤታ ብሎከር የሚባለውን የልብ መድኃኒት ይወስዳል። መድኃኒቱ በስፖርቱ ሲከለከል ከጨዋታው ራቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 በልብ ድካም በ56 ዓመቱ ሞተ። የደብረ ብርሃን አረቄ ስሙ የተጠራ መሆኑን ታውቃላችሁ። «አንድ መለኪያ ካልቀመስኩ እጄ አይረጋም» የሚሉ ሁለት ሦስት አንጋፋዎች አሉን። እጃቸው መንቀጥቀጥ የጀመረው ከአረቄው በፊት ይሁን በኋላ ማንም አያውቅም፣ ማንም አልመረመራቸውም።

በዚህ መሐል ፍርድ እንዳናበዛ አንድ ነገር እንጨምር። ፖል ሀንተር ማስተርስን ሦስት ጊዜ ያሸነፈ ልጅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ካንሰር ሲቀጥፈው 28 ዓመት ሊሞላው አምስት ቀን ቀርቶት ነበር። ቴሪ ግሪፊትስ ከአውቶቡስ ቲኬት ቆራጭነት ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1979 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በመጨረሻ የመርሳት በሽታ ይዞት በ77 ዓመቱ አረፈ። በሽታ ሁሉ የእጃችን ሥራ ነው ብለን በታመመ ሰው ላይ ጣት አንቀስርም። በአንጻሩ ዳግ ማውንትጆይ እ.ኤ.አ. በ1993 የሳንባ ካንሰር ተገኝቶበት ታከመ፤ የሞተው በ2021፣ በ78 ዓመቱ ነው። ሕመሙ ተገኝቶ ከታከመ በኋላ ያገኘው ዕድሜ ከአንድ የጎልማሳ ልጅ ዕድሜ አያንስም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ቀን ነፋሱ አጥንት ይገባል። ስለዚህ የፑል ቤታችን በር ይዘጋል፣ መስኮቱ በካርቶን ይደፈናል፣ መሐል ላይ ከሰል ይቀጣጠላል። የከሰሉ እሳት ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ይይዛል። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ራሱ ስስ ነው፤ ልቡ ለደከመ ሽማግሌ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ማምሻውን ራሱን የሚይዘው፣ የሚያቅለሸልሸው ሰው «ብርድ መታኝ» እያለ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በዚያ ላይ የሲጋራው ጢስ አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 በዝግ የሕዝብ ቦታ ማጨስን ከልክሏል። ማስታወቂያው ግድግዳችን ላይ ተለጥፏል፤ ወረቀቱ ግን ከጢሱ ብዛት ቢጫ ሆኗል። ከሁላችንም ይልቅ የሚጎዳው ኳስ ደርዳሪው ነው። እኛ ሁለት ሰዓት ተጫውተን እንወጣለን፤ እሱ ከጠዋት እስከ ማታ እዚያው ነው፣ ብዙ ጊዜም ሲጋራ አፉ ላይ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው።

አዲሱ ክፍል የሚሠራው ይህን ለመለወጥ ነው። መጋዘኑ ላይ ሁለት መስኮት ይከፈታል፣ ጣራው በአዲስ ቆርቆሮ ይለወጣል፣ ኮርኒስ ይገባል፣ ጢሱን በቧንቧ ወደ ውጭ የሚያወጣ የብረት ምድጃ ይቆማል። ማጨስ የፈለገ ከግቢው ውጭ ይወጣል። አረቄ አይገባም። ይህን ደንብ የፈረምነው ራሳችን አጫሾቹና ጠጪዎቹ ነን፤ ሲፈረም ጥቂት ፊት የጠቆረ ሰው ነበረ፣ ግን ፈረመ።

ስለ መነጽሩ ትንሽ እናብራራ፤ ሰዎች «ይህ ቅንጦት አይደለም ወይ?» ብለው ጠይቀውናልና። ተጫዋች አገጩን ወደ ዘንጉ አስጠግቶ ሲያጎነብስ ዓይኑ የሚያየው በመነጽሩ የላይኛው ጠርዝ ነው፤ ፍሬሙ ኳሱን ይጋርደዋል። የስኑከር ተጫዋቹ ዴኒስ ቴይለር የተገለበጠ የሚመስል ግዙፍ መነጽር አሠርቶ መጫወት የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ ሰው ሳቀበት። እ.ኤ.አ. በ1985 ግን በዚያው መነጽር ስቲቭ ዴቪስን በመጨረሻዋ ጥቁር ኳስ 18 ለ17 አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ እኩለ ሌሊት አልፎ እንኳን በብሪታንያ 18 ነጥብ 5 ሚሊዮን ሰው በቴሌቪዥን ይከታተለው ነበር። የእኛ ሰዎች መነጽራቸውን አውልቀው ነው የሚጫወቱት፤ ከዚያ ሳያደርጉት አስፋልት ይሻገራሉ፤ በደሴ መንገድ የሚመጣው የጭነት መኪና ደግሞ አይጠብቅም። የዓይን ሞራ ግርዶሽ የያዘው ሰው «እድሜ ነው» ብሎ ይቀመጣል፤ በቀዶ ሕክምና የሚስተካከል መሆኑን ያወቅነው አንዱ ጓደኛችን ተሠርቶ ሲያይ ነው። የመነጽሩ ገንዘብ ከምርመራ ጀምሮ ያለውን ወጪ የሚሸፍን ነው።

መለኪያዎቹን የሚይዙት ከእኛው መካከል በጤና ባለሙያነት አገልግለው ጡረታ የወጡ አንዲት እናት ናቸው። በየሳምንቱ ቅዳሜ ከጨዋታ በፊት ሁሉም ይለካል፤ ቁጥሩ በደብተር ይጻፋል፤ ከፍ ያለበት ወደ ጤና ጣቢያ ይላካል። ደም ግፊት ብዙ ጊዜ ሕመም አያሰማም፤ አንድ ሰው «ደህና ነኝ» እያለ መድኃኒቱን ያቋርጣል፣ ከዚያ አንድ ጠዋት ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ይለዋል። ይህ የደረሰበትን ጓደኛችንን በቃሬዛ ይዘን የሮጥን ሰዎች ነን፤ ዛሬ የሚጫወተው በአንድ እጁ ነው፣ አሁንም ያሸንፈናል። የጤና መድኑን በተመለከተ፣ የመጨረሻ ድሆች የሚባሉትን መንግሥት ይከፍልላቸዋል። የእኛ ሰዎች ግን ትንሽ ጡረታ ወይም ከልጅ የሚላክ ገንዘብ ስላላቸው ከዚያ ዝርዝር ውጭ ናቸው፤ መዋጮውን ለመክፈል ደግሞ አቅም ያንሳቸዋል።

«ለፑል ቤት ደግሞ መዋጮ?» ያሉን ጥቂት አይደሉም፤ ሚስቶቻችን ግንባር ቀደም ናቸው። እውነታቸውን ነው፤ ስንቱ ወር ደመወዝ በዚያ ጠረጴዛ ላይ እንደቀረ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። በአዲሱ ክፍል በገንዘብ መጫወት ክልክል ነው። ተማሪም በትምህርት ሰዓት አይገባም። ጡረታ የወጣ ሰው ግን የሚሄድበት ቤት ያስፈልገዋል። ቢያንስ ቆሞ ጠረጴዛውን ይዞራል፣ ይስቃል፣ ይከራከራል። እንግሊዛዊው የስኑከር ተጫዋች ሮኒ ኦሱሊቫን እ.ኤ.አ. በ2022 በ46 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን በዕድሜ ትልቁ አሸናፊ ሆነ፤ ከዚያ በፊት ክብሩ ሪርደን በ45 ዓመቱ የያዘው ነበር። ሮኒ ከጨዋታው ሌላ የሚሮጥ ሰው ነው። አበበ ቢቂላን ያበቀለ ምድር ላይ ተቀምጠን የእግር ጉዞን ከእንግሊዛዊ የምንማር መሆናችን ያሳፍራል፤ ቢሆንም እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ በእግር መሄድ ጀምረናል፣ የሚያማርር ቢኖርም።

የባንክ ሂሳቡ የተከፈተው በሦስት ሰዎች ፊርማ ነው፤ ከሦስቱ አንዷ ከላይ የጠቀስናቸው እናት ናቸው። ገቢና ወጪው በየወሩ በመጫወቻ ቤቱ በር ላይ ይለጠፋል፤ በርቀት ላላችሁም ፎቶው ይላክላችኋል። የሂሳብ ቁጥሩን ይህን ጥሪ ካደረሳችሁ ሰው ጠይቁ፤ በማታውቁት ሰው ስልክ ለሚደርሳችሁ ቁጥር ግን ገንዘብ አታስገቡ። ገንዘብ የሌለው በዓይነት ሊረዳን ይችላል። ከመንዝ፣ ከደብረ ሲና፣ ከአንኮበር የምትመጡ ለኮርኒስ የሚሆን እንጨት፤ ግንበኛና አናጢ የሆናችሁ የሁለት ቀን ጉልበት፤ መኪና ያላችሁ ከአዲስ አበባ ቆርቆሮ የማምጣት ጉዞ። ጣራው ሰኔ ሳይገባ መከደን ስላለበት ቆርቆሮው ከሁሉም ይቀድማል። ውጭ አገር ያላችሁ የማትጠቀሙበት የመነጽር ፍሬም ካላችሁ መስተዋቱ ቢሰበርም አትጣሉት፤ እዚህ መስተዋቱን እናስቀይረዋለን፣ ሰፊና ከላይ ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ ለጨዋታ የሚመረጠው እሱ ነው።