ጉዳዩ፦ ዓርብ ለብሳ ትመጣለች የተባለችው ጀግናዬ ሳትለብስ ስለመምጣቷ

ደብረ ብርሃን
ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለስቱዲዮው ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ።

ጀግናዬን እንድትስሉበት ያዘዝኳችሁን የመጽሐፌን ሽፋን ነገር ከመጀመሪያው አልተርክም። ፋይሉ እናንተ ጋ ነው። ውሉም እናንተ ጋ ነው። የከፈልኩት 9,000 ብር ቀብድም እናንተ ጋ ነው። እኔ የምጽፈው ስለ አንድ ቀን ነው። ስለ ዓርብ።

ማክሰኞ ኅዳር 10 ከሰዓት በኋላ ከሥዕል ክፍላችሁ ኃላፊ ጋር በስልክ ተነጋገርን። ስለዚሁ ሥዕል ስንነጋገር አራተኛችን ነበር። እንዲህ አሉኝ፦ «አይዞሽ እህቴ፣ ዓርብ ከአንገቷ እስከ እግሯ ጥሩር ለብሳ ትመጣለች። ቃሌ ነው።» ይህን ቃል በቃል ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። አስተማሪ ስለሆንኩ ሰው የሚለኝን መጻፍ ልማዴ ነው። «ቃሌ ነው» የሚለውን ደግሞ አሰምሬበታለሁ።

ዓርብ የኅዳር ሚካኤል ማግስት ነበር። እናቴ ለበዓሉ ከመሐል ሜዳ መጥታ ቤቴ ነበረች። ጎረቤቶችም ቡና ሊጠጡ ተሰብስበዋል። እኔም ሞኝ ነኝ፣ «ዛሬ የመጽሐፌ ሽፋን ይመጣል» ብዬ አውርቼ ነበር። አሥር ሰዓት ላይ ቴሌግራሜ ጮኸ። ከፈትኩት።

ጥሩሩ፣ ማለትም የብረት የጦር ልብሱ፣ መጥቷል፤ አልዋሽም። ግን የመጣው ትከሻዋ ላይ ብቻ ነው። ግራና ቀኝ የበሬ ቀንድ የሚያህል ሹል ብረት ተተክሎባታል። ከዚያ ወረድ ሲል ሁለት ጭልፋ የሚያካክሉ ብረቶች ደረቷ ላይ በቀጭን ሰንሰለት ተንጠልጥለዋል። ከዚያ ሆድ። ከዚያ እምብርት። ከዚያ መሀረብ የምታህል ብረት። ከዚያ ጭን ነው፣ ብዙ ጭን። መጨረሻ ላይ ተረከዙ ረጅም የሆነ የብረት ቦት ጫማ። ራሷ ላይ ምንም የለም። ሹሩባ ተሠርታለች ብዬ ሦስት ጊዜ ጽፌላችሁ፣ ጸጉሯ ተፈትቶ በነፋስ ይበተናል።

እናቴ መነጽሯን አድርጋ ስልኩን ተቀበለችኝ። ዝም ብላ አየችው። ከዚያ «ውይ! ይቺን ልጅ ማን ገፈፋት?» አለች። ሽፍታ የዘረፋት መስሏት ነው። እኔ መልስ ሳጣ ደግሞ «በዚህ ውርጭ!» ብላ ጋቢዋን ሰበሰበች።

ይህን ያነሳሁት ለማሳቅ አይደለም። ታሪኩ የሚካሄደው መንዝ ውስጥ፣ ጓሳ ላይ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚበልጥ ቦታ ነው። እዚያ ደረቱን ገልጦ የሚሄድ ጭላዳ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ከጀርባው ካባ የመሰለ ጸጉር አለው። እናንተ ለጀግናዬ የጭላዳን ያህል እንኳን አልሰጣችኋትም።

ወዲያው ደወልኩ። ሁለት ጊዜ አልተነሳም። ሦስተኛው ላይ ኃላፊው አነሱ። ንግግሩን ሙሉውን አስቀምጣለሁ፤ ቅሬታዬ ዋናው እሱ ላይ ነው።

«እንደምን ዋሉ፣ ሥዕሉ ደርሶኛል፤ ግን ስለ ጥሩሩ እንደተነጋገርነው አይደለም» አልኳቸው።

«እንዴ! ትከሻውን አላየሽውም? ሁለት ቀን የፈጀ ሥራ እኮ ነው።»

«ትከሻው ጥሩ ነው። የቀረውስ የት አለ?»

ሳቁ። አዎ፣ ሳቁብኝ። ከዚያ፦ «እህቴ፣ ፋንታሲ ምን እንደሆነ የገባሽ አልመሰለኝም። ዘንዶ እሳት ሲተፋ ምንም ሳትዪ የሴትየዋ ልብስ ላይ እውነት ትፈልጊያለሽ?»

እዚህ ላይ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ከዚህ በኋላ «እሱ» ብዬ ነው የምጽፈው። እኔ እርስዎ እያልኩ እሱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንቺ ሲለኝ ችዬ ነበር። አሁን አልቻልኩም።

ዘንዶውን ካነሳው አይቀር፣ ዘንዶውን ደህና አድርጋችሁ ሠርታችሁታል። ከራሱ እስከ ጅራቱ ቅርፊት በቅርፊት ነው። ሆዱ ሳይቀር ተሸፍኗል። ከኋላዋ የቆሙት ሦስት ወንድ ወታደሮችም ሙሉ ጥሩር ለብሰዋል፤ ጓንት አላቸው፣ የራስ ቁር አላቸው፣ አንደኛው አፍንጫው እንኳን አይታይም። አንድ ተራራ፣ አንድ ብርድ፣ አንድ ጠላት። እና የጦሩ አዛዥ እሷ ሆና ሳለ ሁሉም ለብሰው እሷ ብቻ ብርድ ትመታለች። ይህን ስነግረው «ትኩረት እሷ ላይ እንዲሆን ነው» አለኝ። መልሱ ይኸው ነው።

ቀጥሎ ወግ አጥባቂ አለኝ። እዚህ ላይ ተሳስቷል። እርቃን መሳል ነውር ነው አላልኩም። ወንዝ ወርዳ ገላዋን ስትታጠብ ልሳላት ቢለኝ ምናልባት እንስማማ ነበር። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ጥሩር የሚለበሰው ለምንድን ነው? ጦር እንዳይወጋ ነው። ሆዱ ክፍት የሆነ ጥሩር ማለት መዝጊያ የሌለው በር ማለት ነው። ጉበኑ ምን ያደርግልኛል?

ከውሉ ጋር ያያያዝኩላችሁን ሁለት ገጽ ማብራሪያ ማንም እንዳላነበበው አሁን ገብቶኛል። ስለዚህ ደግሜ እጽፈዋለሁ። የብረት ጥሩር ባዶ ገላ ላይ አይለበስም። ከሥሩ በጥጥ ወይም በሱፍ የተደለደለ ወፍራም ልብስ አለ። ይህ ለምቾት ብቻ አይደለም። የሰንሰለት ጥሩር ስለቱን ቢያቆመውም ምቱን አያቆመውም፤ ምቱን የሚያበርደው ድልድሉ ነው። ድልድል ከሌለ ቆዳ ባይቆረጥም አጥንት ይሰበራል። ብረቱም በብርድ ቀን ገላን ያቃጥላል። ጠዋት ውርጭ የመታውን የብረት በር በባዶ እጁ የከፈተ የደብረ ብርሃን ሰው ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገውም።

ጭልፋዎቹም ቢሆኑ። የደረት ብረት ወጣ ብሎ ክብ የሚሠራው የጦሩ ጫፍ ሲያርፍበት ወደ ጎን እንዲንሸራተት ነው። እናንተ ሁለት ጉብታ ሠርታችሁ መሃሉን ሸለቆ ስታደርጉት፣ የተንሸራተተው ጦር የት ይሄዳል? በቀጥታ ወደ መሃል፣ ወደ ደረት አጥንቷ። ማለትም ልብሱ ጠላቷን መንገድ እያሳየው ነው። ከኋላዋ ያሉት ወንዶች የለበሱት ግን ክብ ነው። ስለዚህ ሠዓሊያችሁ ያውቃል ማለት ነው። ያበሳጨኝም ይኸው ማወቁ ነው።

ሙሉ ጥሩር ያስቸግራታል፣ ይከብዳታል የሚልም ነገር ተነስቶ ነበር። የአውሮፓ ሙሉ የጦር ሜዳ ጥሩር ከ15 እስከ 25 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ክብደቱም በመላ አካል ላይ ይከፋፈላል። በመንዝ ሴት ስለ ክብደት አይቀለድም። እንስራ ሙሉ ውሃ አዝላ ዳገት ትወጣለች። ለእሷ ከ25 ኪሎ ጥሩር ይልቅ ያ ረጅም ተረከዝ ነው የሚያስቸግራት። በእሱ ጫማ ቋጥኝ ላይ የሚቆም ካለ ይምጣና ልየው።

ወደ ስልኩ ልመለስ። ይህን ሁሉ ስነግረው ዝም ብሎ የሚሰማኝ መስሎኝ ነበር። ለካ ቴሌግራም ላይ ማስረጃ እየፈለገ ነው። አንዲት ቀይ ጸጉር ያላት የአሜሪካ የኮሚክስ ተዋጊ ላከልኝ፤ ሬድ ሶንያ። «ይኸው፣ ዓለም የሚያውቃት በብረት ቢኪኒ ነው» አለኝ። ማታ ቁጭ ብዬ ስለ ሴትየዋ አነበብኩ። በ1973 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለመጀመሪያ ጊዜ በኮሚክስ ስትወጣ እጅጌው ረጅም የሆነ የሰንሰለት ሸሚዝ ነበር የለበሰችው። ቢኪኒው በኋላ ሌላ ሠዓሊ ያመጣው ነው። መነሻ የሆነችው የ1934ቱ አጭር ልቦለድ ገጸ ባሕርይ ደግሞ ሽጉጥ ታጥቃ፣ ሱሪና ቦት ጫማ አድርጋ ነው የምትዋጋው። የገዛ ምስክሩ ለኔ መሰከረችልኝ።

ይሄ ሳይበቃው «ዳዊትም ጎልያድን ሲገጥም ጥሩር አልለበሰም» አለ። በዚህ በኩል ይመጣል ብዬ ፈጽሞ አልጠበቅኩም። ዳዊት የሳኦልን ጥሩር ለብሶ ሞክሮታል፤ አልለመደውምና አወለቀው። ሲያወልቀው በእረኛ ልብሱ ሄደ እንጂ በመሀረብ አልሄደም። የተዋጋውም ከሩቅ፣ በወንጭፍ ነው። የኔዋ በጎራዴ ነው፣ ትንፋሽ ለትንፋሽ። ጎልያድስ? የጥሩሩ ሚዛን 5,000 ሰቅል ናስ ነበር፤ የሞተው ባልተሸፈነው ግንባሩ በኩል ነው። የፈረንሳይዋ ተዋጊ ዣን ዳርክም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1429 ኦርሌአን ላይ ጥሩር ለብሳ ስትዋጋ ፍላጻው ያገኛት አንገቷና ትከሻዋ መሃል ነው። መሣሪያ ክፍት ቦታ ይፈልጋል። የናንተዋ ሴት ላይ ደግሞ መፈለግም አያስፈልገውም።

የመጽሐፉ ሰባተኛ ምዕራፍ ጦር የጎን አጥንቷ ላይ አርፎ ጥሩሩ ሲመልሰው ነው። ታሪኩ ሁሉ በዚያ ላይ ነው የቆመው። በናንተ ሽፋን ከሄድን ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ቀብሯ ነው። የቀሩትን አሥራ አንድ ምዕራፎች ማን ይጨርስልኝ?

በመጨረሻ ምን አለኝ መሰላችሁ? «እንደዚህ ካልሆነ መጽሐፍሽን ማንም አይገዛሽም።» ስልኩንም ዘጋው። ወይም ተቋረጠ። ኔትወርክ ነው ካላችሁ እቀበላለሁ፤ ግን መልሶ አልደወለም። ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው።

መጽሐፌን የሚገዙት እዚህ የማስተምራቸው ልጆች ናቸው። ግማሾቹ ሴቶች ናቸው። እነሱ ፊት ይህን ሽፋን ይዤ አልቆምም። የሸዋ ሰው ዘማች ሴት አይቶ አያውቅም እንዴ? እቴጌ ጣይቱ በ1888 ዓ.ም. ጦራቸውን ይዘው ዐድዋ ዘምተዋል፤ መቀሌ ላይም የምሽጉን ውሃ ያስያዙት እሳቸው ናቸው። ድፍረቱ ካላችሁ እሳቸውን በዚህ ፋሽን ሳሉና አንኮበር ገበያ ላይ ስቀሉት። ቅዳሜ ይሁን፣ ሰው ይበዛል።

አሁን ከተነሳ አይቀር ሌላውንም ልበል። ቀብዱን የከፈልኩበት ደረሰኝ እስከ ዛሬ አልመጣልኝም። የላካችሁልኝ ሂሳብ መጠየቂያ አድራሻዬን «ደብረ ማርቆስ» ይላል። ሁለቱ ከተሞች መሃል ዓባይ አለ። መስከረም ላይ በሌሊት ሚኒባስ 130 ኪሎ ሜትር መጥቼ ሁለት ሰዓት ኮሪደር ላይ ቆሜያለሁ፤ ተቀመጪ ያለኝ የጥበቃው አባት ብቻ ናቸው። እግዜር ይስጣቸው። ሁለተኛው እርማት ላይ ደግሞ የበርኖሷን ካባ ጨምሩ ብዬ ካባውን ዘንዶው ላይ ጣል አድርጋችሁ ላካችሁልኝ። ያኔ ስቄ አልፌ ነበር።

ደብዳቤውን ስጀምር የምፈልገው ሥዕሉ እንዲስተካከል ብቻ ነበር። እየጻፍኩ ስሄድ ግን ጥያቄዬ አደገ።

ሥዕሉ እስከ ኅዳር 27 ተስተካክሎ ይምጣ። ደረቷና ሆዷ ይሸፈን፤ ከሥሩ ድልድሉ በአንገቷና በእጅጌዋ በኩል ይታይ፤ ሹሩባዋ ይሠራ፤ የራስ ቁሩ ቢያንስ በእጇ ይያዝ፤ ተረከዙ ይቆረጥ። ትከሻው ላይ ያሉትን ቀንዶች ከፈለጋችሁ ለዘንዶው ስጡት። ለዚህ ተጨማሪ ክፍያ የሚባል ነገር እንዳልሰማ። ኃላፊው ራሱ ደውሎ ይቅርታ ይጠይቀኝ፣ አንቱ ብሎ። በቀኑ ካልደረሰ ግን 9,000 ብሬ ሙሉውን ይመለስልኝ። እሱም ካልሆነ ውሉን፣ አምስቱንም ሥዕሎችና የደብተሬን ገጽ ይዤ ወደ ሸማቾች ጥበቃ እሄዳለሁ። እዚያ ሥዕሎቹን ጠረጴዛ ላይ ስዘረጋቸው ማን እንደሚያፍር አብረን እናያለን።

አንድ ነገር ቀረኝ። መስከረም ላይ ስመጣ ድልድሉ ምን እንደሚመስል ሠዓሊው እንዲያይ የባና ቁራጭ ትቼላችሁ ነበር። እናቴ በእጇ የፈተለችው ሱፍ ነው። ባለፈው ሳምንት ቢሯችሁን በቪዲዮ ስታሳዩኝ ረከቦቱ ሥር ተነጥፎ አየሁት፤ ቡና ፈስሶበታል። እሱ ከሥዕሉ ጋር አይጠበቅ። በነገው መኪና ይላክልኝ። ታጥቦ።

ከአክብሮት ጋር
የጀግናዋ ደራሲ