አላቋረጥንም፣ ግጥም ሰጠን

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው እሑድ ስለ ባህል ሙዚቃ ፌስቲቫሉ ያወጣችሁትን ዘገባ ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ትኬት ሰልፉም ሆነ ስለ መኪና ማቆሚያው ችግር የጻፋችሁት ልክ ነው፤ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ያናደደኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። የባህል ባንዱ ሲጫወት «ከፊት የቆሙ ጥቂት ሞቅ ያላቸው ታዳሚዎች ዘፋኙን በጩኸት ደጋግመው በማቋረጣቸው ትርኢቱ ተረብሿል» ብላችኋል። ከፊት ከቆሙት አንዷ እኔ ነኝ። ሞቅም አላለኝም፣ ማንንም አላቋረጥኩም። ግጥም ሰጠሁ።

የአዝማሪ ጨዋታ እንዴት እንደሚሄድ በአማርኛ ለሚታተም ጋዜጣ ማስረዳት ይኖርብኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። አድማጩ «ተቀበል!» ይላል። አዝማሪው «አቤት!» ብሎ ማሲንቆውን ዝቅ ያደርግና ጆሮውን ይሰጣል። ስንኙ ይነገረዋል፤ እሱም በዜማው ላይ አስቀምጦ መልሶ ይዘፍነዋል። ሲሻው አንድ ቃል ለውጦ ሌላ ትርጉም ያወጣበታል፣ ሲሻው ግጥም ሰጪውን ራሱን ይሸነቁጠዋል። ሰጪ ከሌለ ከራሱ ይፈጥራል፣ ያወድሳል፣ ይነካካል። ጨዋታው የሚደምቀው ግን በዚያ ቅብብል ነው። ጎንደር፣ ጎጃም፣ ወሎ ሄዳችሁ ማንኛውንም ድግስ የበላ ሰው ብትጠይቁ ይነግራችኋል። ሙሽራ ስትገባ እልል ሲባልስ «ሴቶቹ ሙሽራዋን አቋረጧት» ብላችሁ ልትጽፉ ነው?

ጋዜጠኛችሁ ባህሉን ባያውቅ እንኳ ዓይኑን ቢያምን ይበቃው ነበር። «ተቀበል» እንዳልን ማሲንቆ ተጫዋቹ ደጋኑን አቅልሎ ወደ መድረኩ ጠርዝ መጣ። ከበሮ መቺው ምቱን ሳያቆም አበረደው። ክራሩ ብቻውን ዜማውን ይዞ ቆየ። ዘፋኙም ጎንበስ ብሎ ማይክሮፎኑን ወደ እኛ ዘረጋ። ሰው ሲቋረጥ ይቆጣል፣ ይደናገራል፣ ወይም ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቀጥላል። ማይክሮፎን የሚዘረጋለት ረባሽ የት አገር ነው ያያችሁት?

ጩኸት ነበር ወይ? አዎ፣ ነበር። የነበረበት ምክንያት ግን ከመጠጥ ጋር አይገናኝም። አዝማሪ ቤት ውስጥ ተጫዋቹ ከፊትህ ነው፤ በሹክሹክታም ቢሆን ግጥም ትሰጠዋለህ። እዚያ ግን መድረኩ ከሰው ቁመት በላይ ነበር። ከመድረኩ በታች የብረት አጥር ነበር፣ በአጥሩና በመድረኩ መሀል ደግሞ የክብር እንግዶች ወንበር ተደርድሯል፤ ግማሹ ባዶ ነበር። ከዚያ ሁሉ ማዶ ቆሞ ስንኝ የሚሰጥ ሰው ካልጮኸ ማን ይሰማዋል? አዘጋጆቹ ለታዳሚው አንድ ማይክሮፎን አውርደው ቢሰጡ ኖሮ ጩኸቱ ባልኖረ ነበር። ይህን ብትጽፉ ጠቃሚ ዘገባ ይሆን ነበር። የውኃ ፕላስቲክ የወረወሩ ልጆችም ነበሩ፤ አልክድም። እነሱን ግን እኛው ገሥጸን አስቆምናቸው፤ ደግሞም የወረወሩት በሌላ ዘፋኝ ሰዓት እንጂ በባህል ባንዱ ሰዓት አይደለም።

ከእኔ ቀጥሎ አንድ ሸምገል ያሉ አባት ቆመው ነበር፤ ካዛንችስ ተወልደው ያረጁ ናቸው። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ እሳቸውም ተነሥተዋል። ፈንድቃ የሚባለው የአዝማሪ ቤትም ለዓመታት ከኖረበት ከዚያው ሰፈር የተነሣው በዚያው ሰሞን ነው። እሳቸው የሰጡት ግጥም ይህ ነበር፦

ሰፈሬ ፈረሰ ዘመድ ሩቅ አደረ፣
በማሲንቆህ ድምፅ ግን ቤቴ ተማገረ።

ዘፋኙ ተቀበላቸው። በአምባሰል ቅኝት አደረገውና ሁለተኛውን ስንኝ ደጋግሞ ሲለው አጠገባችን የነበሩ ሰዎች እንባቸውን ይጠርጉ ነበር። እኚህ አባት ብር አውጥተው ዘፋኙን ሊሸልሙ፣ እንደ ወጉ ግንባሩ ላይ ሊለጥፉ፣ አጥሩን አልፈው ሲጠጉ ጥበቃዎቹ በክርናቸው ገፍተው መለሷቸው። እናንተ ዘንድ ሲደርስ ይህ «መድረክ ላይ ለመውጣት የሞከሩ ሥርዓት አልበኞች» ሆነ። የሰባ ዓመት ሽማግሌ ናቸው! ሽልማት ለአዝማሪው ክብሩም እንጀራውም እንደሆነ የማያውቅ ሰው ስለ ባህል ሙዚቃ ለምን ይላካል?

ከሁሉ ያቆሰለኝ ደግሞ እዚያው ገጽ ላይ፣ ሁለት አንቀጽ ዝቅ ብሎ ነው። ከውጭ ስለመጣው ባንድ ስትጽፉ «ታዳሚው አብሮ በመዝፈን ከሙዚቀኞቹ ጋር ተዋሐደ» አላችሁ። እኔ እዚያም ነበርኩ። ያው ሕዝብ ነው፣ ያው ጉሮሮ ነው። ግጥሙን በደንብ የማናውቀውን የእንግዳ ዘፈን ተከትለን ስንጮኽ ውሕደት ይባላል፤ ራሳችን ፈጥረን፣ በራሳችን ቋንቋ፣ አያቶቻችን ባቆዩልን ሥርዓት ስንሳተፍ ስካር ይባላል። ይህን ሚዛን ከየት ነው ያመጣችሁት?

ነገሩን አጋንነሽዋል የሚለኝ ይኖር ይሆናል። አባቴ ማሲንቆ ተጫዋች ነበር። ሰርግ ቤት ሌሊቱን ሙሉ ሲያጫውት አድሮ ምሳ የሚቀርብለት ከሁሉ ኋላ፣ በር አጠገብ ነበር። እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ «የአዝማሪ ልጅ» የሚባለው ስድብ ነበር፤ መምህሩም ሰምቶ ያልፍ ነበር። ሰው በዘፈኑ ሊደሰት ይፈልጋል፣ ዘፋኙን ግን ከጎኑ ማስቀመጥ አይወድም። ስለዚህ «ሞቅ ያላቸው» የሚለውን ቃል ሳነብ ለእኔ አዲስ ቃል አልነበረም። አዝማሪ ባለበት ሁሉ መጠጥና ብልግና ብቻ የሚታያቸው ሰዎች በልጅነቴም ነበሩ። አሁን ጋዜጣ ላይ አገኘኋቸው።

እነዚህ ሰዎች ለዚህች አገር ምን እንደሆኑ ደግሞ የታወቀ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን አርበኛውን በግጥም ያበረታቱ፣ ወራሪውን በሰምና ወርቅ የወጉ አዝማሪዎች ተሳደዋል፣ ተገድለዋል። አንድ ክር የጭራ ማሲንቆ ይዞ የሚዞር ሰው ያን ያህል ያስፈራ የነበረው አድማጩ ግጥሙን ተቀብሎ ስለሚያሻግርለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ማሲንቆን፣ ክራርን፣ ዋሽንትንና በገናን በአንድ መድረክ ሲያሰልፍ፣ በኋላም እነ ተስፋዬ ለማ ሲደክሙበት፣ ሐሳቡ ይህ ሙዚቃ ትልቅ መድረክ ይገባዋል የሚል ነበር። ትልቁን መድረክ አገኘ። ታዲያ መድረኩ ላይ ሲወጣ አድማጩን ከታች ትቶ፣ አፉን አዘግቶ መሆን አለበት ያለው ማነው? እጅ አጣምሮ ቁጭ ብሎ መስማት የሌላ ሙዚቃ ወግ ነው። ያንንም አከብራለሁ፤ በገና ሲደረደር እኔም ዝም ብዬ ነው የማዳምጠው።

በዘገባው ላይ የስፖንሰሮቹ ስም ሙሉ በሙሉ አለ። የክብር እንግዳው ከነማዕረጋቸው አሉ። የውጪው ባንድ ጊታር ተጫዋች ሳይቀር በስሙ ተጠርቷል። የእኛዎቹ አምስት ሰዎች ግን «የባህል ባንዱ» ተብለው አለፉ። ማሲንቆ ተጫዋቹ ስም የለውም? ከበሮ መቺውስ? ፎቶግራፉም ከኋላቸው የተነሣ ነው፤ ፊታቸው አይታይም። ለጋዜጠኛችሁ ስማቸውን ለመጠየቅ ከመድረኩ ጀርባ መሄድ ይበቃው ነበር፤ ፕሮግራሙ ካለቀ በኋላ እዚያው ቆመው ዕቃቸውን ሲሰበስቡ አይቻቸዋለሁ።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። አልተቋረጠምና «አቋረጡ» የሚለውን አርሙ። የካዛንችሱን አባት «ሥርዓት አልበኛ» ማለታችሁን አንሡ። የአምስቱን ሙዚቀኞች ስም ከባንዱ ጠይቃችሁ አትሙ፤ ማረሚያውም በውስጥ ገጽ ግርጌ ሳይሆን ዘገባው በወጣበት ገጽ ላይ ይውጣ።

ከፊት ከቆሙት አንዷ
አዲስ አበባ